ገንዘቡ አምስት፣ ወንዙ አንድ፦ ራይን እንዴት ነፍስ ዘራ

ጊዜው ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1986 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ፣ ሽዋይትሰርሃለ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። መጋዘኑ የሳንዶዝ ኩባንያ ነው። ቁጥሩ 956። ውስጡ 1,350 ቶን ገደማ ኬሚካል ተከምሯል። የሚበዛው ለእርሻ የሚረጭ ፀረ ተባይ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ውሃ ማርከፍከፍ ጀመሩ። ሌላ ምን ያድርጉ? እሳቱ ወደ ጎረቤት መጋዘኖች ቢዛመት የባሰ ይመጣ ነበር። ሊነጋ ሲል ተቆጣጠሩት። ግን ያ ሁሉ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አልነበረም። መርዙን ይዞ በቦዩ በኩል ቀጥታ ራይን ወንዝ ገባ። ከ10 እስከ 30 ቶን መርዝ እንደገባ ይገመታል። መጋዘኑ ውስጥ ቀይ ማቅለሚያም ስለነበረ ሲነጋ ወንዙ ቀልቶ ታየ።

የባዝል ሰው ሌሊቱን በሳይረን ተቀስቅሶ፣ «መስኮት ዝጉ፣ ከቤት አትውጡ» ተብሎ ነው ያነጋው። ከተማው የገማ እንቁላል ሸተተ። የቸርኖቤል አደጋ ከደረሰ ገና ስድስት ወሩ ነበር። የባዝል ሌላ ስሟ፣ በፈረንሳይኛ፣ «ባል» ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ግድግዳ ላይ «ቸርኖባል» የሚል ጽሑፍ ታየ።

ሰው አልሞተም። ወንዙ ግን ሞተ። እንደ እባብ የሚረዝመው፣ ኢል የሚባለው ዓሣ ብቻ 150,000 ያህል ሞቶ ተንሳፈፈ። ከባዝል እስከ ጀርመኑ የሎረላይ ቋጥኝ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ኢል አለቀ ማለት ይቻላል። መርዙ ቁልቁል ወደ ሆላንድ ሲጓዝ የመጠጥ ውሃ ድርጅቶች ከወንዙ መሳባቸውን አቆሙ። መካከለኛው ራይን ላይ ውሃ በቦቴ የታደለበት ቦታ ነበር።

እኔ ማውራት የምፈልገው ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነው። የአውሮፓ አገሮች ትብብር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ዩሮ ላይ ይወድቃል። ዩሮ ጨመረ፣ ዩሮ ቀነሰ፣ እገሌ አገር ከዩሮ ልትወጣ ነው፣ እገሌ ልትገባ ነው። ገንዘቡ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የትብብሩን ዋጋ በገንዘቡ ብቻ የሚመዝን ሰው የሚበልጠው ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከራይን የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ይህ ወንዝ ሲሞት ገንዘባቸው ለየቅል ነበር። ሲድንም ገንዘባቸው ለየቅል ነበር።

ከላይ የሚጠጣና ከታች የሚጠጣ

ራይን ከስዊስ ተራሮች ይነሳል። ቦደንዜ የሚባለውን ሐይቅ አቋርጦ ባዝል ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ ጀርመንና ፈረንሳይን ያዋስናል። ስትራስቡርግን፣ ማይንዝን፣ ኮብሌንዝን፣ ቦንን፣ ኮሎኝን፣ ዱስልዶርፍን አልፎ ሆላንድ ይገባል። በመጨረሻ ሮተርዳም በኩል ከባሕር ይቀላቀላል። ርዝመቱ 1,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዓባይ ጋር ሲተያይ አጭር ነው። ተፋሰሱ ግን ዘጠኝ አገሮችን ይነካል። 60 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርበታል። ከዚህ ውስጥ 30 ሚሊዮን የሚሆነው የሚጠጣው ውሃ፣ ተጣርቶም ቢሆን፣ ከዚሁ ወንዝ የመጣ ነው።

በ1986 ዋና ባለጉዳዮቹ አምስት አገሮች ነበሩ፤ ስዊዘርላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን (ያኔ ምዕራብ ጀርመን)፣ ሉክሰምበርግና ሆላንድ። አንዱ በማርክ ይገበያያል፣ ሌላው በጊልደር፣ ሌላው በፍራንክ። ፍራንኩም የስዊስ፣ የፈረንሳይና የሉክሰምበርግ ተብሎ ሦስት ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ያኔም ዛሬም የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም።

እኛ አንድ አገር የበቀለን ሰው «የወንዜ ልጅ» እንላለን። ራይን ዳር የሚኖሩት ሰዎች ግን የወንዝ ልጆች መሆናቸው ትዝ የሚላቸው ሲጣሉ ነበር።

ለንግድ ሲሆን ቀድመው ተስማምተዋል። ራይን ላይ መርከብ በነጻ እንዲመላለስ የሚቆጣጠር ኮሚሽን የተወለደው በ1815ቱ የቪየና ጉባኤ ነው። እስከ ዛሬ አለ። መቀመጫው ስትራስቡርግ ነው። የወንዙን ጤና የሚጠብቅ ኮሚሽን ግን እስከ 1950 ድረስ አልነበረም። ያን ዓመት ባዝል ላይ አምስቱ አገሮች የራይን ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽንን አቋቋሙ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው። አብዝታ የወተወተችው ሆላንድ ናት፤ ከታች ናትና። አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው፦ የኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት ያለው ጀርመን፣ ኮብሌንዝ ከተማ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን በልማድ ሆላንዳዊ ነው። ከሁሉ በታች የሚጠጣው ሰው ውሃውን ከሁሉ በላይ ይጠብቃል ብለው ነው።

ኮሚሽኑ ተቋቋመ እንጂ ወንዙ እየባሰበት ሄደ። በ1969 በጋ አንድ ፀረ ተባይ ገብቶ ዓሣ በገፍ አለቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ከመቀነሱ የተነሳ በታችኛው ራይን ሕይወት ያለው ነገር ማግኘት ብርቅ ሆነ። «የአውሮፓ የቆሻሻ ቦይ» የሚል ስም ወጣለት። ኮሚሽኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ይለካል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ብዙ ሰው «ወረቀት ብቻ» ይለው ነበር። ያ ወረቀት በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመ እመለስበታለሁ።

የጨው ጠብ

የእሳቱን ታሪክ ለመረዳት የጨውን ጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል። እኔ ግን ዋናው ትምህርት እዚህ ያለ ይመስለኛል።

በፈረንሳይዋ አልዛስ የፖታሽ ማዕድን ነበር። ፖታሽን ከዳሎል እናውቀዋለን፤ ለማዳበሪያ የሚሆን ነው። ሲወጣ ግን ብዙ ጨው አብሮ ይወጣል። ማዕድኑ ትርፍ ጨውን ራይን ውስጥ ይደፋ ነበር። በአንድ ወቅት ወንዙ ወደ ሆላንድ ይዞት የሚገባው ክሎራይድ በሰከንድ ከ300 ኪሎ ይበልጥ ነበር። ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከዚያ ማዕድን የመጣ ነው። የጀርመን የድንጋይ ከሰል ማዕድኖችም የራሳቸውን ይጨምራሉ።

ከታች፣ ሆላንድ ውስጥ፣ በግሪን ሃውስ አበባና አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ውሃቸው ከራይን ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ምርታቸውን ጎዳው። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ ጅቡ «አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ «ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችውን አህያ ሁላችንም እናውቃታለን። የሆላንድ ገበሬዎች ለረጅም ጊዜ የተሰማቸው እንደዚያች አህያ ነበር። ልዩነቱ እነሱ ፍርድ ቤት ሄዱ።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የት አገር ነው የሚከሰሰው? ጨው የተደፋው ፈረንሳይ ነው፣ አበባው የሞተው ሆላንድ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 1976 ወሰነ። ተጎጂው ከፈለገ ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር፣ ከፈለገም ጉዳቱ በደረሰበት አገር መክሰስ ይችላል አለ። አንድ የሆላንድ ገበሬ ቤቱ አጠገብ ባለው ችሎት፣ በራሱ ቋንቋ፣ የፈረንሳይን ግዙፍ የማዕድን ድርጅት መክሰስ ቻለ። ይህ ውሳኔ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ለእኔ ይህ ብቻውን ከስንት የገንዘብ ስምምነት ይበልጥብኛል። ደካማው ወገን ድንበር ተሻግሮ የሚሰማው ዳኛ አገኘ ማለት ነው።

መንግሥታቱም በ1976 ቦን ላይ የጨው ውል ተፈራረሙ። ወጪው ሲከፋፈል የሆነውን ተመልከቱ። ፈረንሳይ 30 ከመቶ፣ ጀርመን 30 ከመቶ፣ ስዊዘርላንድ 6 ከመቶ። ሆላንድስ? 34 ከመቶ። ተጎጂዋ ትልቁን ድርሻ ከፈለች! «ያበላሸ ይክፈል» የሚለው ደንብ የት ገባ ሊባል ይችላል። በጎረቤት መካከል ግን አንዳንዴ እንዲህ ነው። ሆላንድ ከመብቷ ይልቅ ንጹህ ውሃውን መረጠች።

ውሉ ቢፈረምም ሥራ ላይ አልዋለም። ጨውን አልዛስ ከርሰ ምድር ውስጥ ለመቅበር ታስቦ ነበር። የአካባቢው ሰው የጉድጓድ ውሃችን ይበላሻል ብሎ ተቃወመ። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር። የፈረንሳይ ፓርላማ ውሉን ሳያጸድቅ ቀረ። በ1979 ሆላንድ ተቆጥታ አምባሳደሯን ከፓሪስ ጠራች። በጨው ምክንያት! ውሉ የጸናው በ1985 ነው። ከፊርማው እስከዚያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ክርክሩም በዚያ አላበቃም። ሁለቱ አገሮች በገንዘቡ ሒሳብ ላይ እስከ 2004 ድረስ በግልግል ዳኝነት ተከራክረዋል። ማዕድኑ ራሱ ያኔ ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ በ1986 እሳቱ ሲነሳ በእጃቸው የነበረው ይህ ነው። አስገዳጅ ውል አላቸው፣ ኮሚሽን አላቸው፣ ፊርማ አላቸው። መተማመኑ ግን ገና ነበር።

አሥራ አንድ ወር

ከእሳቱ በኋላ ቁጣው ከባድ ነበር። የባዝል ሰው በሺዎች ሆኖ አደባባይ ወጣ። የታችኞቹ አገሮች ደግሞ ማስጠንቀቂያው በሚገባው ፍጥነት አልደረሰንም ብለው ተቆጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። በዚያ ላይ ሁሉም ወንዙን አጥብቆ መለካት ሲጀምር፣ በዚያው ሰሞን ሌሎች ፋብሪካዎችም መርዝ ማፍሰሳቸው እየታወቀ መጣ። ጥፋቱ የአንድ አገር ወይም የአንድ ኩባንያ ብቻ እንዳልነበረ ሁሉም አየ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን የለወጠው ይህ ነው። ጀርመን «ስዊስ ናት» ብላ መጨረስ አልቻለችም።

ሚኒስትሮቹ ኖቬምበር 12 ዙሪክ ተሰበሰቡ። እሳቱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ዲሴምበር 19 ሮተርዳም ተገናኙ። ያኔ የሆላንድ የትራንስፖርትና የውሃ ሚኒስትር ኔሊ ክሩስ ነበሩ፤ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነር የሆኑት ሴት ማለት ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 1987 ስትራስቡርግ ላይ የራይን የተግባር ፕሮግራም ጸደቀ። ከእሳቱ እስከ ፕሮግራሙ 11 ወር ነው። የጨው ውል ከፊርማ እስከ መጽናት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶ ነበር።

ፕሮግራሙ አስገዳጅ ውል አልነበረም። ሕግ አይደለም፣ ቅጣት የለውም። የቃል ስምምነት ነው ማለት ይቻላል። ግን ግቦቹ ግልጽ ነበሩ። ዋና ዋናዎቹ መርዞች ከ1985 ልኬት አንጻር በ1995 በግማሽ ይቀንሱ። ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ይሁን። ደለሉ ከመርዝ ይጽዳ። ሳልሞን ዓሣ ደግሞ በ2000 ወደ ራይን ይመለስ።

ይህ የሳልሞን ነገር ብዙዎች ላይ ላም አለኝ በሰማይ መስሎ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሆላንድና ጀርመን በዓመት 250,000 ያህል ሳልሞን ከራይን ያጠምዱ ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያ አንድ እንኳ አልቀረም። ታዲያ ለምን ሳልሞን? ሳልሞን የሚወለደው ከላይ፣ ጠጠር ባለው ንጹህ ጅረት ውስጥ ነው። አድጎ ወደ ባሕር ይወርዳል። እስከ ግሪንላንድ አካባቢ ይሄዳል። ሊራባ ሲል ወደ ተወለደበት ጅረት ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ሆላንድ በሩን ብትዘጋ አይገባም። ጀርመን ብታቆሽሽ ይሞታል። ፈረንሳይ ግድቡን ባትከፍት አያልፍም። ስዊስ ጅረቱን ባትጠብቅ አይራባም። አንዱ ቢለግም የሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ደግሞ ሚሊግራም በሊትር የሚለው ቋንቋ ለሕዝቡ ምኑም አይደለም። «ዓሣው መጣ ወይ?» የሚለውን ግን ሕፃን ልጅም ይጠይቃል።

የጀርመኑ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ክላውስ ቶፕፈር በ1988 ራይን ውስጥ ገብተው ዋኙ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን አንድ ሚኒስትር በገላው ቃል መግባቱ ደስ ይለኛል። ቶፕፈር በኋላ ለዓመታት ናይሮቢ ተቀምጠው የተባበሩት መንግሥታትን የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም መርተዋል።

ሥራው በተግባር ምን ነበር? ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ውበቱም እሱ ነው።

አንደኛው ስልክ ነው። በወንዙ ዳር ዋና ዋና የማስጠንቀቂያ ጣቢያዎች ተመደቡ። አደጋ ያየ ጣቢያ ወዲያው ከሱ በታች ላሉት ይናገራል። ይሉኝታ የለም፣ ኩባንያ እናስቀይማለን ብሎ መዘግየት የለም። መርዙ መቼ የት እንደሚደርስ የሚያሰላ ቀመርም አብረው ሠሩ። ለዚህ ወንዙ ውስጥ ጉዳት የሌለው ቀለም እየለቀቁ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ለኩ። አሁን ባዝል ላይ አንድ ነገር ቢፈስ የኮሎኝ የውሃ ድርጅት ቧንቧውን መቼ ዘግቶ መቼ እንደሚከፍት ያውቃል።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ከባዝል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቫይል አም ራይን በምትባል የጀርመን ከተማ፣ በ1993 የመለኪያ ጣቢያ ተከፈተ። መሬቱ የጀርመን ነው። የሚሠሩበት የባዝል ኬሚስቶች ናቸው። ወጪውን ሁለቱም ወገን ይጋራል። ከታች፣ ጀርመንና ሆላንድ ድንበር ላይ፣ ቢመንና ሎቢት ላይ እንዲሁ የጋራ ጣቢያ አለ። መሣሪያ ብቻ አይደለም የሚጠቀሙት። የውሃ ቁንጫ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን በወንዙ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ይከታተላሉ። ሁኔታቸው ከተለወጠ ደወል ይደወላል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ቁጥሩ የጋራ ከሆነ ክርክር ያጥራል። ሁለቱም አብረው የለኩትን «ያንተ ቁጥር ውሸት ነው» ማለት አይቻልም። ያ «ወረቀት ብቻ» ሲባል የነበረው የኮሚሽኑ የ36 ዓመት ሥራ እዚህ ላይ ነው የከፈለው። አብሮ መለካትን ተለማምደው ነበር። ሰዎቹም በስም ይተዋወቃሉ።

ሌላው ደግሞ የሮተርዳም ነው፤ ይህ እንኳ ከእሳቱ በፊት የተጀመረ ነው። ወደቡ በደለል ስለሚሞላ ሁልጊዜ ይጠረጋል። ደለሉ ግን ከላይ በመጣ መርዝ ስለተበከለ ባሕር ውስጥ መድፋት አልተቻለም። ከተማዋ መርዙ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚመጣ በጥናት ለየች። ከዚያ ጀርመን ውስጥ ያሉትን ፋብሪካዎች በቀጥታ አነጋገረች። «እንከሳችሁ ነበር፣ ከቀነሳችሁ ግን እንተወዋለን» ዓይነት ውል ከብዙዎቹ ጋር ተዋዋለች። ከተማ ከፋብሪካ ጋር፣ ድንበር ተሻግሮ። መንግሥት መሃል አልገባም።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ፋብሪካዎች የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ሠሩ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ለከባድ የኬሚካል አደጋ የነበረውን መመሪያ አጠበቀ። ከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ገነቡ፤ ከተፋሰሱ ሕዝብ 96 ከመቶው ፍሳሹ የሚጣራለት ሆነ። ወጪው ግዙፍ ነው። ሁሉም በየገንዘቡ፣ ከየካዝናው ከፈለ።

ውጤቱስ?

ለአብዛኞቹ መርዞች የ50 ከመቶው ግብ ከቀነ ገደቡ በፊት ተሳካ። በ1990 ዚግ በሚባለው ገባር ወንዝ ውስጥ ከባሕር የተመለሰ ሳልሞን ተገኘ። ከታቀደው አሥር ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ዛሬ ራይን ውስጥ ከ60 በላይ የዓሣ ዓይነት አለ። በበጋ ባዝል ውስጥ ሰው ልብሱን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አስሮ፣ ከሥራ በኋላ ከወንዙ ጋር እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ያ ቀይ ሆኖ የነበረው ወንዝ ነው።

የዩሮ ሳንቲምና ብር ሰው እጅ የገባው በጃንዋሪ 2002 ነው። ያኔ ሳልሞኑ ከመጣ 12 ዓመት ሆኖታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳልሞኖች ከየት መጡ የሚለውም ደስ ይላል። የራይን ዘር ስለጠፋ ጫጩቶቹ ከሌላ አገር ዘር ተፈልፍለው ነው ወንዙ ውስጥ የተለቀቁት። ከአየርላንድ፣ ከስዊድን፣ ከፈረንሳዩ አልዬ ወንዝ የመጣ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ሁሉንም ለስትራስቡርጉ ፕሮግራም መስጠት ስህተት ነው። የጀርመን የፍሳሽ ሕግ በ1970ዎቹ የወጣ ነው። ብዙ ማጣሪያም ከእሳቱ በፊት ተገንብቷል። ኦክስጅኑም ከ1986 በፊት መሻሻል ጀምሮ ነበር። አንዳንድ ማዕድንና ፋብሪካ የተዘጋው በገበያ ምክንያት ነው። ትብብሩ የጨመረው ነገር ሌላ ነው። ከላይ ያለው አገር ለራሱ ምንም ሳያገኝ ለታችኛው ብሎ ገንዘብ እንዲያወጣ አደረገ። ይህን ገበያ አያደርገውም። አንድ ዓይነት ገንዘብም አያደርገውም።

በጣም ግልጹ ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። ከሰው ሽንት ጋር የሚወጣ የመድኃኒት ቅሪት በተለመደው ማጣሪያ አይያዝም። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ 100 ያህል ማጣሪያዎቿን እያሻሻለች ነው። ለዚህ በእያንዳንዱ ነዋሪ ሒሳብ በዓመት እስከ 9 ፍራንክ ይሰበሰባል። ራይን ዳር ያለው ማጣሪያ ያስቀረውን ቅሪት የማይጠጣው ከታች ያለው ጀርመንና ሆላንድ ነው። የኅብረቱ አባል ያልሆነች አገር፣ በራሷ ፍራንክ፣ በዩሮ የሚገበያይ ሰው ለሚጠጣው ውሃ ትከፍላለች።

በጎርፍም ጉዳይ ያው መንገድ ተከተለ። በ1993 ዲሴምበርና በ1995 ጃንዋሪ ራይን ከአፉ ገንፍሎ ወጣ። በ1995 ሆላንድ ውስጥ 250,000 ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። በ1993ቱ ጎርፍ ከተጎዱት አንዱ ቦን ውስጥ በግንባታ ላይ የነበረ ትልቅ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ተጠግኖ ካለቀ በኋላ ከ2003 ጀምሮ የዶይቸ ቬለ መቀመጫ ሆነ። ከ1965 ጀምሮ የምንሰማው የአማርኛው ሥርጭት ዛሬ የሚተላለፈው ከዚያ፣ ከራይን ዳር ነው። ከጎርፉ በኋላ ያው ኮሚሽን ሥራው ሰፋ። ከላይ ያሉት አገሮች ለወንዙ የሚተኛበት ሜዳ ሲለቁ ከታች ያሉት ከተሞች ይተርፋሉ።

ያልተሠራም አለ። በ2020 አምስተርዳም ላይ የጸደቀው «ራይን 2040» የሚባለው ፕሮግራም ጥቃቅን በካዮችን ቢያንስ በ30 ከመቶ ለመቀነስ አልሟል። በ2018ና በ2022 ደግሞ ወንዙ በድርቅ ከመጉደሉ የተነሳ መርከቦች ሙሉ ጭነት መያዝ አቅቷቸው ነበር። ይህ ከቆሻሻ ይልቅ ይከብዳል፤ ስልክ ደውሎ የሚያስቆሙት ፋብሪካ የለም።

ሳልሞኑም ቢሆን ገና በራሱ እግር አልቆመም። እየተፈለፈለ ነው የሚጨመረው። ከባዝል በታች እስከ ኢፈትስሃይም ድረስ አሥር ግድቦች አሉ። በዚያ ክፍል የኤሌክትሪክ ማመንጨት መብት ከ1919ኙ የቬርሳይ ውል ጀምሮ በአብዛኛው የፈረንሳይ ነው። ዓሣ የሚወጣበት ደረጃ ኢፈትስሃይም ላይ በ2000 ተሠራ፣ ጋምስሃይም ላይ በ2006፣ ስትራስቡርግ ላይ በ2016። ጌርስትሃይም ቀጠለ። ሆላንድም በ2018 ሃሪንግፍሊት ላይ፣ ውሃው ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ያለውን የግድብ በሯን ለዓሣው ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ሚኒስትሮቹ በ2013 ባዝል ላይ ተሰብስበው ሳልሞኑ በ2020 ባዝል ይደርሳል ብለው ነበር። 2020 መጣ፣ ሄደ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከጌርስትሃይም በላይ ያሉት ሦስት ግድቦች፣ ራይናው፣ ማርኮልስሃይምና ፎግልግሩን፣ እንደተዘጉ ነበሩ። ያኔ ከግሪንላንድ ባሕር ተነስቶ ራይናው የደረሰ ሳልሞን የሚያገኘው የሲሚንቶውን ግድግዳ ነበር። ባዝል ከዚያ በኋላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትቀረው ነው።